ሃና ላይ ማን ማንን ያያል?

በየዓመቱ በሰኔ አካባቢ የቦዲ ወጣቶች ለወራት ከከረሙበት ጎጆ ይወጣሉ። ከየጎሳው የተመረጠው ያላገባ ወንድ ሥራ ሳይነካ፣ ከቤት ሳይርቅ፣ በወተትና ከላም በተቀዳ ደም ሲቀለብ ከርሟል። ደሙ የሚቀዳው ላሟን ሳይገድሉ ነው፤ የአንገቷ ደም ሥር ይበጣና ቁስሉ መልሶ በጭቃ ይደፈናል። በዕለቱ ወጣቱ ገላውን በጭቃና በአመድ ተቀብቶ በቅዱስ ዛፍ ዙሪያ ለሰዓታት ይዞራል። ሴቶች ላቡን ይጠርጉለታል፤ ሲዝል ደግፈው ያበረቱታል። ከሁሉ ወፍሮ የተገኘው ወጣት የሚሸለመው ገንዘብ የለም፤ ዕድሜ ልኩን ግን በጀግንነት ይነሳል። በመጨረሻ በሬ ይታረዳል፤ ሽማግሌዎችም ሆድ ዕቃውን አገላብጠው የሚመጣውን ዘመን ያነብባሉ። በዓሉ ካኤል ይባላል። የቦዲዎች ዘመን መለወጫ ነው።

ሃና ይህ ሁሉ በሚሆንበት በሰላማጎ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ የወረዳው መቀመጫም እሷው ናት። ከጂንካ ተነስቶ ወደ ማጎ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የአሪ ገበሬዎችን የእንሰት ጓሮ ከኋላው ትቶ፣ ግራር የለበሰውን ሞቃት ቆላ አቋርጦ ይደርስባታል። በወረዳው ራሳቸውን ሜኤን ብለው የሚጠሩት ቦዲዎች፣ ሙርሲዎች፣ በጥንቱ የብረት ማቅለጥ ጥበባቸው የታወቁት ዲሜዎችና ኦሞ ወንዝ ዳር ያሉት ባጫዎች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የኩራዝ ስኳር ልማት ሸንኮራም በዚሁ ምድር ላይ በቅሏል። ከአውሮፓ፣ ከእስያ፣ ከአሜሪካና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጎብኚ ግን ያን ሁሉ መንገድ የሚደክመው ለሸንኮራው ብሎ አይደለም። የሚመጣው ሰው ሊያይ ነው።

ሰውን ለማየት መንገድ መጀመር ምን ማለት ነው? ተራራ አይቶ የሚመለስ ሰው ከተራራው ምንም አያጎድልም። የፋሲል ግንብም ቢጎበኝ ድንጋዩ አያፍርም፣ አይቆጣም፣ ለምን መጣህብኝ ብሎም አይጠይቅም። ሰው ግን ሲታይ መታየቱን ያውቃል። የጉዞው መዳረሻ ሕያው ሰው በሆነበት አገር፣ ከመንገዱና ከሆቴሉ ነገር አስቀድሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። የሚያየው ሰው ለሚታየው ሰው ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ በገንዘብ የሚከፈል ዕዳ ነው?

ጥያቄው ከቱሪዝም እጅግ ይቀድማል። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከሚሳሉት ሥዕሎች አንዱ የአብርሃም እንግድነት ነው። ሽማግሌው በቀትር ፀሐይ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሦስት ሰዎች ሲመጡ ያያል፤ ሮጦ ይቀበላቸዋል፣ እግራቸውን ያሳጥባል፣ እንጀራ ያስጋግራል፣ ጥጃ ያሳርዳል። ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሆኑ አልጠየቀም። እንግዶቹ ማን እንደነበሩ የተገለጠው ከማዕዱ በኋላ ነው። ሙስሊሙም የኢብራሂምን እንግዶች ታሪክ ከቁርኣን ያውቀዋል። የሰሜኑ ገበሬም ይህን ሥርዓት በደጃፉ ሲኖረው ቆይቷል፤ የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ሲል፣ ከውስጥ የሚሰማው መልስ ቤት የእግዚአብሔር ነው የሚል ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ አንድ የማይለወጥ ነገር አለ። እንግዳው ሲመጣ አቅም የለውም። ደክሞታል፣ ርቦታል፣ መሽቶበታል። በመጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱ ነው፤ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ ነው። እንግዳው ደጅ ቆሞ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ይገባል። ዛሬ ወደ ሃና የሚሄደው ጎብኚ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። መኪና አለው፣ ገንዘብ አለው፣ የመመለሻ ትኬት አለው፣ ካሜራ አለው። ሳይታይ ያያል፤ ሳይፈቀድለትም ይገባል። እንግዳ ተብሎ ይጠራ እንጂ እንግድነቱን ደካማና ቅዱስ ያደረገው ነገር ከእጁ ወጥቷል።

ከተሳላሚ ጋርም ልዩነቱ ሰፊ ነው። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል አምባውን የሚወጣው፣ ለገና ላሊበላ ለመድረስ ቀናት በእግሩ የሚጓዘው ሰው ቦታውን ማየቱ አይቀርም። የሄደው ግን ስለቱን ሊያደርስ፣ ሊሰግድ፣ ሊማለድ ነው። ጫማውን ያወልቃል፤ የማይገባበትን መቅደስ ያውቃል፤ መጋረጃ ሲዘጋ ከመጋረጃው ወዲህ ይቆማል። ከሚሄድበት ስፍራ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ በዚያው ልክ ግን ለስፍራው ሕግ ይገዛል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰት ይህን ጉዳይ በሕግ ዓይን መርምሮታል። ምድር ክብ ስለሆነችና ሰዎችም በላይዋ ያለ ገደብ ተበትነው መኖር ስለማይችሉ፣ ማንም ሰው ወደ ሌላው አገር ሲሄድ እንደ ጠላት ያለመቆጠር መብት አለው አለ። ይህ ግን የመጎብኘት መብት እንጂ በእንግድነት የመስተናገድ መብት አይደለም። ማስተናገድ ከባለቤቱ ፈቃድ የሚመነጭ ነው። ካንት ይህን ሲጽፍ የጊዜውን የአውሮፓ ነጋዴ መንግሥታት እያሰበ ነበር፤ ለእነሱ የሌሎችን አገር መጎብኘት ማለት አገሩን መያዝ ሆኖ ነበርና አጥብቆ ወቅሷቸዋል።

እሱ ከጻፈ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አውሮፓ ሰውን ራሱን አስመጥታ ታይ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የኮይኮይ ሕዝብ የተወለደችው ሳራ ባርትማን እ.ኤ.አ. በ1810 ለንደን ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ለትዕይንት ቀረበች። በ1815 ፓሪስ ውስጥ ሞተች። የሰውነቷ ቅርጽና አፅሟ ግን በፓሪስ ቤተ መዘክር እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለሕዝብ ዕይታ እንደተቀመጠ ቆየ። ወደ አገሯ ተመልሳ የተቀበረችው በ2002 ነው። በ1930 ደግሞ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሰርከስ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጡ፣ ከንፈራቸው የሰፋ ሴቶችን ለትዕይንት አቀረበ። ዛሬ ሴቶቹ ከንፈራቸውን በገል ወደሚያስጌጡበት የሙርሲ መንደር የሚሄደው ጎብኚ ይህን ታሪክ ላያውቅ ይችላል። ያ ከንፈር እንዲያስደንቀው ያደረገው ዓይን ግን ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው።

ያ ዓይን የሚደገፈው በአንድ እምነት ነው። የምናያቸው ሰዎች የእኛ ትናንት ናቸው፤ ጊዜ የረሳቸው ናቸው፤ እዚህ መምጣት ወደ ጥንት መመለስ ነው ይላል። የጉዞ ማስታወቂያ ሁሉ ይህን ይደጋግማል። የኦሞ ሸለቆ ምድር ራሱ ግን ይህን እምነት ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ አካባቢ የተገኙት የሰው አፅሞች በ2005 በተደረገ ምርመራ 195 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ተነገረ። በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸውን ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ገፋው። የኦሞ የታችኛው ሸለቆ በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በዚህና በመሰል ግኝቶች ነው። እነዚህ አፅሞች የሙርሲው ዘመዶች የሆኑትን ያህል የበርሊኑና የቶኪዮው ነዋሪ ዘመዶችም ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ዘመን በሁሉም ላይ እኩል አልፏል። ዛሬ በሕይወት ያለ ሕዝብ የሌላ ሕያው ሕዝብ ቅድመ አያት ሊሆን አይችልም።

የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ታሪክም የቆመ ታሪክ አይደለም። ሙርሲዎች ዛሬ ወዳሉበት ምድር በየዘመኑ ተንቀሳቅሰው የደረሱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ድርቅ ሲጸና ከእነሱ ከፊሉ ወደ ማጎ ሸለቆ ፈልሶ አዲስ መንደር ቆርቁሯል። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ፣ የኦሞ ሙላት ትቶት ይሄድ በነበረው ለም ደለል ላይ ይዘሩ የነበሩ ሰዎች ኑሮ ተለውጧል። ሃና ዙሪያ ደግሞ ቦዲዎች ከብት ያሰማሩበት መሬት ላይ ቦይ ተቆፍሯል፣ የሠራተኛ ካምፕ ተሠርቷል። ከጎብኚው ፎቶግራፍ ውስጥ ቦዩም፣ ግሬደሩም፣ የወጣቱ ሞባይልም ተቆርጠው ይወጣሉ። ጥንት እንዲመስል ተብሎ ዛሬ ከሥዕሉ ይወገዳል።

ከሥዕሉ የሚጎድለው ሌላም አለ። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩይ ቦዲዎች የከብትን ቀለምና ጥለት የሚለዩበትን ዕውቀት ለዓመታት አጥንቷል። ቦዲ ሕፃን ስም ሲወጣለት ከአንድ የቀለም ዓይነት ጋር ይተሳሰራል፤ ሲያድግ ያን ቀለም የያዘ ወይፈን ይፈልጋል፣ ይንከባከበዋል፣ ያዜምለታል፤ ሲሞትበትም ኀዘኑ የሰው ኀዘን ነው። በካኤል ቀን የሚታየው ውፍረት ከዚህ ዓለም ተነጥሎ ትርጉም የለውም። ወፍሮ የሚቀርበው ወጣት የወገኑን ከብት፣ የወገኑን ዝናብና ሣር በገላው ያሳያል። ሳርና ዝናብ ባነሰበት ዓመት ያን ያህል ወተት ለአንድ ሰው መስጠት የማይቻል ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ ጎሳው የሚያቀርበው ምስጋናም ነው። በውጭ ጋዜጦች የወጡት ፎቶግራፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ሆዱን ብቻ ነው።

በሙርሲ መንደር ጉዳዩ በገንዘብ ተገልጧል። ጎብኚው ፎቶ ሲያነሳ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ለእያንዳንዱ ፎቶ ይከፍላል። ሴቶቹ የካሜራውን ድምፅ ይቆጥራሉ፤ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ በዘወትር ኑሯቸው የማያደርጉትን ጌጥ፣ ቀንዱንም ቅርጫቱንም፣ ራሳቸው ላይ ይደረድራሉ። ብዙ ጎብኚዎች ከዚህ ተመልሰው ይማረራሉ። ሰዎቹ ገንዘብ ወዳድ ሆነዋል፣ ባህሉ ተበላሽቷል ይላሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከሙርሲዎች ጋር የሠራው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ነገሩን ከወዲያኛው ወገን አይቶታል። ሙርሲዎቹ እነዚህ ሰዎች ለምን ፎቶ እንደሚያነሷቸው፣ ፎቶውን ይዘው ምን እንደሚያደርጉት ይጠይቁት ነበር። ጎብኚው የሚመጣው ስለ ከንፈራቸው እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሚንቃቸው እንደሆነም ይጠረጥራሉ። ስለ ከንፈሩ የሚነገረውም ተረት ብዙ ነው። ሴቶቹ ከባሪያ ነጋዴ ለማምለጥ ራሳቸውን ያበላሹበት ነው የሚለውን ወሬ አስጎብኚ ሁሉ ይደግመዋል፤ የገሉ ስፋት የጥሎሹን ከብት ብዛት ይወስናል የሚለውንም እንዲሁ። ተርተን ለሁለቱም ማስረጃ እንዳልተገኘ ጽፏል። ልጅቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ የታችኛው ከንፈሯ ይበሳል፤ ቀዳዳው በእንጨት ውታፍ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትወስነውም እሷ ናት። ገሉ የጉልምስናዋና የክብሯ ምልክት ነው።

እንዲህ ሲታይ የፎቶው ዋጋ ሌላ መልክ ይይዛል። ሊያያት የመጣውን ሰው መከልከል ያልቻለች ሴት፣ ቢያንስ መታየቷ በነፃ እንዳይሆን ማድረግ ትችላለች። አምስት ብርም ይሁን ከዚያ በላይ፣ ገንዘቡ በእሷ እጅ የቀረ የመጨረሻ የባለቤትነት ምልክት ነው። ጎብኚው ደስ ያላለው እሷ ይህን ስታስታውሰው ነው። እሱ ያለ ዋጋ የሚሰጥ የእንግዳ መስተንግዶ ፈልጎ ነበር፤ ሲገባ ግን እንደ እንግዳ ደጅ አልጠናም። መስተንግዶውን በገበያ መንገድ መጥቶ ሊወስድ አይችልም።

ይህ ማለት ግን ክፍያው ዕዳውን ይዘጋል ማለት አይደለም። ኤማኑኤል ሌቪናስ የተባለው በሊትዌንያ የተወለደ አይሁዳዊ ፈላስፋ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች እጅ ምርኮኛ ሆኖ የኖረና ወላጆቹንና ወንድሞቹን በአይሁዳውያን እልቂት ያጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ታላቅ ሥራው፣ የሌላው ሰው ፊት ከሚታዩ ነገሮች እንደ አንዱ አይቆጠርም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ፊት የሚናገር ነው። የዓይኑን ቀለም፣ የአፍንጫውን ቅርጽ የሚያጠና ሰው ገና ፊቱን አላገኘም። ሌላውን ማግኘት የሚጀምረው፣ ያ ፊት ሲጠይቀኝና እኔ መልስ የመስጠት ግዴታ ሲኖርብኝ ነው። ከዚህ አንጻር በሙርሲ መንደር በየቀኑ የሚፈጸመው ንግግር የሌለበት ግንኙነት ነው። ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ይከፈላል፣ ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል። ከንፈሩ በካሜራው ውስጥ ገብቷል፤ ባለ ከንፈሯ ግን ምን አሰበች ተብላ አልተጠየቀችም።

ክፍያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት በሰሜን ታይላንድ ታይቷል። ከምያንማር ጦርነት ሸሽተው የመጡ የካያን ሴቶች፣ አንገታቸው ላይ የናስ ቀለበት የሚደርቡት፣ ሜ ሆንግ ሶን በተባለው ግዛት በመንደር ተሰብስበው ለጎብኚ መታያ ሆኑ። የመግቢያ ገንዘብ ይከፈላል፣ ሻርፕም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት አንድ አሳሳቢ ነገር ይፋ አደረገ፤ ከእነሱ መካከል ሌላ አገር ተቀብሎ ሊያሰፍራቸው ፈቅዶ ሳለ የመውጫ ፈቃድ የተከለከሉ ነበሩ። የሚከፈላቸው ሰዎች መሄድ አልቻሉም። አንዳንዶቹ ሴቶች ቀለበቱን አወለቁት። የዚህ ምሳሌ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ትክክለኛ ዋጋ ተከፈለ አልተከፈለም ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የሚታየው ሰው እምቢ ማለት ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ነጩ ጎብኚ ብቻ መናገር ለኢትዮጵያዊው አንባቢ ይቀልለዋል። ግን ደገኛውም ወደ ኦሞ የሄደው ባዶ እጁን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1897 እና 1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ቱርካና ሲወርድ፣ አብሮት የሄደው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የዘመቻውን ጉዞ በዝርዝር ጽፎታል። ከዘመቻው በኋላ የመጡት የባሪያ ፍንገላ፣ የዝሆን ጥርስ ንግድና ጠመንጃ የሸለቆውን ሕዝቦች ኑሮ አናግተውታል።  ያ ጦር የወረደበትን አቅጣጫ ይዞ ዛሬ የአዲስ አበባው ወጣት በሞባይሉ ቪዲዮ እየቀረጸ ይሄዳል። ራቁታቸውን ያሉ ሰዎችን ከጀርባው አድርጎ ይስቃል፤ ያም ሳቅ ለሺዎች ይዳረሳል። የአገር ልጅ መሆን ከዚያ ዕዳ አያወጣም። የአንድ አገር ዜጋ የሆነን ሰው መዘባበቻ ማድረግ እንዲያውም ዕዳውን ያከብደዋል።

ያው ወጣት በላሊበላ ቢሆን ግን ሌላ ስሜት ይሰማው ነበር። በጥምቀት ሌሊት በጸሎት ላይ ያለ ካህን ፊት የካሜራ ብልጭታ ሲበራ፣ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጎብኚ ለፎቶ ሲጋፋ ያየ ሁሉ፣ አንድ ቅዱስ ነገር ለመታየት ብቻ ሲቀርብ ምን እንደሚያጣ ያውቃል። ዩኔስኮ ጥምቀትን እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ብዙዎች ደስ ብሏቸዋል። የመዝገቡ ክብር እንዳለ ሆኖ ታቦቱ ለጎብኚ ተብሎ አይወጣም። የቦዲ ሽማግሌም በካኤል ቀን በሬው ሲታረድ የሚመኘው ይህንኑ ነው ብሎ ማሰብ ከባድ አይደለም።

ሌላ ዓይነት ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ከኢትዮጵያ ራሷ አለ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ቤት ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የተነሱ መነኩሴ ነበሩ። በ1652 ሉዶልፍ ወደ ጎታ ከተማ፣ ወደ ዱክ ኤርነስት ቤተ መንግሥት አስጠራቸው። እዚያ ለወራት ተቀምጠው ተነጋገሩ። መነኩሴው ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ግዕዝና አማርኛ ለተጠየቁት ሁሉ መለሱ፤ ስለ አውሮፓም ራሳቸው ጠየቁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ንግግር የተወለዱ ናቸው። በቤተ መንግሥቱ ያን መነኩሴ በመገረም ያየ ሰው አይጠፋም። ሉዶልፍ ግን አዳምጧቸዋል፤ ስማቸውንም በመጽሐፉ ውስጥ በክብር ጽፏል።

በደቡብ ኦሞም እንዲህ ያለ ንግግር ተሞክሯል። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሐመር ኖረው፣ በ1979 ካሳተሟቸው ጥራዞች አንዱን ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሽማግሌ ስለ ሕዝባቸው ባስረዱት ቃል ሞልተውታል። ጂንካ ከተማ ኮረብታ ላይ የተሠራው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየምም ስትሬከር ከደከሙበት ሥራ የተገኘ ነው። እዚያ አስቀድሞ የሄደ ጎብኚ ወደ መንደር ሲወርድ ሊያዳምጣቸው ስለሚገቡ ሰዎች ጥቂት አውቆ ይወርዳል።

ማክበር ግን ሁሉን ማጽደቅ ነው ወይ? እዚህ ላይ አስቸጋሪው ነገር ይመጣል። በካራ፣ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ ሚንጊ የሚባል እምነት ነበር፤ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ፣ ወይም ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ይህን አይቶ ባህላቸው ነው ብሎ ማለፍ እነዚያን ሕፃናት ከሰው ቁጥር ማውጣት ነው። ኋላ ቀር ናቸው ብሎ መሄድም ሰዎቹን ማሰብ ከሚችሉ ሰዎች ቁጥር ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የካራ ሽማግሌዎች ራሳቸው ሚንጊን አስቀርተናል ብለው አወጁ። ከዚያ በፊት ከካራ የተወለደው ላሌ ላቡኮ ሊገደሉ የነበሩ ሕፃናትን ሲያድን፣ ሽማግሌዎቹንም በራሳቸው ቋንቋ ሲሞግት ቆይቷል። ለውጡን ያመጣው ከውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። እምነታቸውን የሚመረምሩ ሰዎች እንዳሉ የማያምን ጎብኚ፣ ቢያደንቅም ቢጸየፍም፣ የካራን ሰው ገና አላገኘውም።

የሸለቆው ሕዝቦች ራሳቸውም የጉዞ ሥነ ምግባር አላቸው፤ ጎብኚው ግን አይጠይቃቸውም። አንትሮፖሎጂስቱ ኡሪ አልማጎር ስለ ዳሰነች ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተነተነው፣ አንድ ሰው ከሌላው ጋር ከብት ተሰጣጥቶ የወዳጅነት ቃል ኪዳን ያስራል። በሐመርም እንዲህ ያለ ትስስር ከሌላ ብሔር ሰው ጋር ጭምር ይደረጋል። ወዳጁ አገር የሚሄድ ሰው በወዳጁ ቤት ያድራል፣ ይጠበቃል፣ ይመገባል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ያስተናግዳል። በሐመር ቤት እንግዳ ሲመጣ የቡና ገለባ ፈልቶ በቅል ይቀርባል። ሽማግሌው ቡናውን በአፉ ረጭቶ ባርጆን፣ ማለትም በረከትን፣ ይጠራል፤ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ልጁን፣ ሰላሙን እያነሳ ይመርቃል፣ የተቀመጡትም ይቀበሉታል። ባርጆ የሚገኘው በጋራ ሲጠራ ነው። እንግዳውም በዚያ ጥሪ ውስጥ ይገባል፤ የሚመረቅ ነውና የሚገባው ዝም ብሎ መቀመጥና መጠጣት ነው።

የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ሳንቲያጎ፣ ቺሊ ላይ ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ጎብኚ የአስተናጋጁን ሕዝብ ወግ እንዲያከብር ያዛል። እንዲህ ያለ ደንብ ከወረቀት ወደ መሬት ሲወርድ ምን እንደሚመስል ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ታይቷል። ኡሉሩ የተባለው ታላቅ ዓለት ለአናንጉ ሕዝብ ቅዱስ ነው። መሬቱ በ1985 ተመልሶ ተሰጣቸው። ዓለቱን አትውጡብን እያሉ ለዓመታት በምልክት ጎብኚውን ለመኑት፤ ብዙዎች ወጡበት። አናንጉዎች አብላጫ ድምፅ ያላቸው የፓርኩ ቦርድ በ2017 መውጣትን ለመከልከል ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2019 መንገዱ ተዘጋ። ጎብኚ ወደ ኡሉሩ መምጣቱን አላቆመም። አሁን የሚመጣው ግን ባለቤቶቹ በፈቀዱት መንገድ ነው።

ለካኤልም እንዲህ ያለ ውሳኔ ሊኖር ይችላል። ማን ይገባል፣ የት ይቆማል፣ በዓሉ በየትኛው ሰዓት ካሜራ ይዘጋል፣ በሬው ሲታረድና ሽማግሌዎቹ ሆድ ዕቃውን ሲያነብቡ እንግዳ ይቀመጣል ወይስ ይሄዳል፣ የሚከፈለው ገንዘብ ለወጣቱ፣ ለጎሳው ወይስ ለትምህርት ቤት ይውላል፣ ጎብኚው ከመግባቱ በፊት ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ ተብሎ በቦዲ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል ወይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጂንካ ይበርራል፤ መንገዱም ከድሮው ተሻሽሏል፤ የሚመጣውም ሰው እየበዛ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። የሚቀጥለው በዓል ከመድረሱ በፊት ይህን ሁሉ ለቦዲ ሽማግሌዎች፣ ለሴቶቻቸውና ለወጣቶቻቸው በሜኤን ቋንቋ ማቅረብ የሚገባቸው የሰላማጎ ወረዳ አስተዳደር፣ የጂንካ አስጎብኚዎችና ጉዞውን የሚሸጡት የአዲስ አበባ ድርጅቶች ናቸው። ሲያቀርቡም መልሱ አትምጡ የሚል ሊሆን እንደሚችል ተቀብለው፣ እንዲያ ከሆነም ጉዞውን ከሚሸጡት ዝርዝር ለማውጣት ተዘጋጅተው ነው።